የባላምባራስ ጓንጉል ክንድና የአመልማል እግር

ተረት የሚተርት ሰው ሞልቷል፤ መነሻውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ወፍጮ ቤት እንደሚሄድ ሰው ዱቄቱን ይዞ ይመለሳል እንጂ ድንጋዩን ማን እንደጠረበው አይጠይቅም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የአንዷን ተረት መነሻ ግን ወለል ላይ ተንበርክኬ እርሳስ ስለቅም ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ ተረቷን በሰማሁ ቁጥር ጉልበቴን ያመኛል።

ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ማተሚያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ የተሠራ ነበር፤ እኛ ከሳጥኑ እየለቀምን እንደረድረዋለን። የፊደል ቁመት የሚለካው በነጥብ ነው፤ ይህ ዐሥር ነጥብ ነው፣ ያ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ነው እንላለን። የእኛ ማተሚያ ቤት ከሁለት የተለያዩ አገሮች የመጣ ፊደል ነበረው። በሁለቱም ሳጥን ላይ «ዐሥራ ሁለት» የሚል ተጽፏል። አንድ ቀን እኔ ከአንደኛው፣ ባልደረባዬ ዘውገ ከሌላኛው ሳጥን እየለቀምን አንድ ገጽ አቆምን። ገጹን አጥብቀን አሰርነው፤ የእሱ ፊደል ጸና፣ የእኔው እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀ። ለማንሣት ስንሞክር ገጹ በሙሉ ወለል ላይ ተዘረገፈ።

«የእኔ ዐሥራ ሁለት ነው!» አልኩ።

«የእኔም ዐሥራ ሁለት ነው! ማንበብ አትችልም?» አለ ዘውገ።

ልንደባደብ ምንም አልቀረንም ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወርቅአገኘሁ መጣ፤ የፈሰሰውን እርሳስ አየ፤ ሁለታችንን አየ፤ አንዲት ተረት ጣል አድርጎ ብቻውን ሳቀ። የሳቀበት ስላልገባን ጠየቅነው። እኛ እየለቀምን፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነገረን። ተረቷን አሁን አልነግራችሁም፤ እሷም እንደ ማንኛውም ልጅ የምትወለድበት ቀን አላት።

ጎጃም ውስጥ፣ ግራር አፋፍ በምትባል መንደር፣ ጓንጉል የሚባል ባላምባራስ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ እጁ አይሰስትም፣ ዳኝነቱ አይጣመምም። አንድ ነገር ብቻ አይነሣበት፤ ቁመቱ። አጭር ነበር። አጭርነት ነውር ሆኖ አይደለም። በመንደሩ ከእሱ የሚያጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ በሰላም ወጥተው በሰላም ይገባሉ። ጓንጉል ግን ማጠሩን ጨርሶ አላመነም። ጥምጥሙን ሌላው ሰው ከሚጠመጥመው እጥፍ አድርጎ ይቆልለዋል። በቅሎው የአገሩ ረጅም በቅሎ ነበረች፤ ካልተገደደ ከላይዋ አይወርድም። ገበያ መሀል ቆሞ ሲያወራ ከእግሩ ሥር ድንጋይ አይጠፋም፤ ድንጋዩ ሁልጊዜ በአጋጣሚ ነው እዚያ የተገኘው።

ደፍሮ የተጠራጠረ ካለ መልሱ አንድ ነው። ቀኝ ክንዱን ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ዘርግቶ፣ «እኔ አራት ክንድ ሙሉ ሰው ነኝ! ያላመነ ይለካኝ!» ይላል። ባላምባራስን ጋድም ብለህ ተለካ የሚል ከየት ይመጣል? ስለዚህ አራት ክንድ እንደሆነ ኖረ።

የእግዜር ሥራ ሆነና ሚስቱ አመልማል ረጅም ነበረች። ስለምትወደው ቁመቷን ትደብቅለታለች። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እሷ ሁልጊዜ በመንገዱ ቁልቁለት በኩል ነው የምትራመደው። እንግዳ ሲመጣ ቀድማ ትቀመጣለች። ቆማ ማውራት ግድ ሲሆንባት ትከሻዋን ሰብሰብ፣ አንገቷን ቀለስ ታደርጋለች፤ መንደሩም አይቶ እንዳላየ፣ «ምስኪን፣ ወገቧን ያማታል» እያለ ያልፈዋል።

እውነተኛው ሕመሟ ግን ሌላ ነበር። ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም የክርስትና ስም ሳይወጣላቸው ቀብራለች። ሾተላይ ነው አሉ። ከሁለተኛው ቀብር በኋላ ጓንጉል ጥምጥሙን አውልቆ ከማጀት ተደብቆ ሲያለቅስ የሰማችው እሷ ብቻ ናት። አሁን ሦስተኛውን አርግዛለች፤ ሆዷ በገፋ ቁጥር ሁለቱም እንቅልፍ እያጡ ሄዱ። ስለ ልጁ አንድም ቃል አይነጋገሩም፤ ስም ማሰብ እንኳ ፈርተው ነበር።

የመንደሩ አዋላጅ እማሆይ ጸዳለ መጥተው መከሯቸው። እማሆይ ጓንጉልን ራሱን ሲወለድ የተቀበሉ ሴት ናቸው፤ ስለዚህ በአገሩ ባላምባራሱን አንተ የሚሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ከወንዝ ማዶ ደብተራ ላቀው አለ። ክታብ ያስጽፍላት። ክታብ ደግሞ የባለቤቱን ቁመት ያህል ነው የሚሆነው፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ከጠበቀ ነው የሚጠብቀው። ካጠረ፣ ያጠረበት ቦታ በር ነው» አሉ።

አመልማል ወንዝ መሻገር አትችልም። ስለዚህ እማሆይ ከራሳቸው እንዝርት ድርብ ክር ፈተሉ፤ አመልማልን ግድግዳ አስደግፈው ከአናቷ እስከ ተረከዟ ለኩ፤ በሁለቱም ጫፍ ሰማያዊ ጨርቅ ቋጠሩና ለጓንጉል ሰጡት። «ይህችን ክር ብቻ ስጠው። ሌላ ምንም አትናገር» አሉት።

ጓንጉል በበቅሎው ላይ ሆኖ ክሩን ይዞ ሄደ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ከበቅሎው ወረደ። ግራ ቀኙን አየ፤ ሰው የለም። ጥምጥሙን አውልቆ፣ የክሩን አንድ ጫፍ በተረከዙ ረግጦ፣ ሌላውን ወደ ላይ ሳበው። ሰማያዊው ጨርቅ አናቱን አልፎ አንድ ጋት ያህል ከፍ አለ። ጋት እንግዲህ የአራት ጣት ውፍረት ናት። እንደገና ለካ። ደረቱን ነፍቶ ለካ። ያቺው ጋት አልጠፋችም።

በክሩ ተናደደ። «እማሆይ አርጅተዋል» አለ ለበቅሎው። «እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ክር ያረዝማል።» የበቅሎዋ የቃጭል ማንጠልጠያ ተበጥሶ ነበርና ክሩን አጣጥፎ ቃጭሉን አሰረበት። ጥምጥሙን መልሶ ወንዙን ተሻገረ።

ደብተራ ላቀው ጽሕፈቱ የታወቀ ነበር፤ እሱ ግን በጽሕፈቱ አይኮራም። የሚኮራው በስሌቱ ነው። አንድ ክንድ ሁለት ስንዝር፤ ስንዝር ሦስት ጋት፤ ጋት አራት ጣት፤ ጣት ደግሞ ሁለት መስመር ጽሕፈት ይይዛል። ስለዚህ ክንድ ማለት በላቀው ዘንድ አርባ ስምንት መስመር ነው፤ ሰውም ሲያይ በመስመር ነው የሚያየው። ክሩን ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያሳዝነው ነበር፤ ብራናውን በክሩ ልክ ቆርጦ መጻፍ እንጂ ማስላት አያስፈልግምና።

«ክሩስ?» አለ ላቀው።

«ክር ምን ያደርግልሃል? እኔ ቁጥር ይዤ መጥቻለሁ» አለ ጓንጉል።

የላቀው ዓይን በራ። «ይበሉ እስቲ!»

«ከእኔ በጋት ታንሳለች።»

«እርስዎስ?»

«አራት ክንድ።»

«በማን ክንድ?»

«በማን ክንድ ይሆናል? በእኔ ነዋ!»

ላቀው ሳንቃ አመጣ። የጓንጉልን ክንድ አስተኝቶ በወስፌ ምልክት አደረገ፤ ምልክቱን ለሃያ አራት ጣት፣ ጣቱን ለሁለት መስመር ከፈለ። ክንዱ አጭር ስለነበር መስመሮቹ ጠበብ አሉ። ላቀው በዚህ አይጨነቅም፤ ፊደሉ ይወፍራል ይቀጥናል እንጂ ክንድ አርባ ስምንት መስመር መሆኑ አይቀርም።

«አራት ክንድ ጋት ሲጎድል» አለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አንድ መቶ ሰማንያ አራት መስመር!»

ጓንጉል ተደነቀ። ላቀው፣ የሚደነቅለት ሰው በማግኘቱ፣ ሌላ ነገር መጠየቅ ረሳ። እንደ ወንድማማች ተሳስመው ተለያዩ።

ክታቡን ላቀው ራሱ ይዞ መጣ፤ ሲሰቀል ጸሎት ይደገምበታልና። የደረሰ ዕለት አመልማል ቀኗ ደርሶ መደብ ላይ ተጋድማ ነበር። ጎረቤት በደጅ ተሰብስቧል። ወጉ፣ ክታቡ ከመሰቀሉ በፊት በባለቤቱ ቁመት ላይ ይዘረጋል። እማሆይ ጸዳለ የመልአኩ ሥዕል ያለበትን ጫፍ አናቷ ላይ ያዙ፤ ላቀው ጥቅሉን እየፈታ ወደ ታች ወረደ። ደረቷን አለፈ። ሆዷን አለፈ። ጉልበቷን አለፈ። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ሲደርስ ብራናው አለቀ።

ሁለት እግሯ ውጭ ቀረ።

አመልማል ቀና ብላ እግሯን አየች። ከብራናው ጫፍ ወዲያ ያሉትን ጣቶቿን እንደ ሌላ ሰው ጣት ነው ያየቻቸው። «ሾተላይ የፊተኞቹንም በዚህ በኩል ገብቶ ነው የወሰደብኝ?» አለች። ወዲያው ምጡ ጀመራት።

«ስሕተት የለበትም!» ብሎ ጮኸ ላቀው። በብራናው ላይ ተደፍቶ መስመሩን በጣቱ እየነካ ከላይ እስከ ታች ቆጠረ። አንድ መቶ ሰማንያ አራት። አንዲትም አልጎደለች።

ጓንጉልም ተንበርክኮ ክንዱን ብራናው ላይ እየገለበጠ ለካ። አራት ክንድ ጋት ሲቀነስ። «ልክ ነው!» አለ።

«ልክ ነው!» አለ ላቀው።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። የአመልማል እግር ግን ውጭ ነበር።

«ብራና በፀሐይ ይኮማተራል፤ መንገድ ላይ ተኮማትሮ ይሆናል» አለ ጓንጉል።

«የእኔ ብራና አይኮማተርም! እርጉዝ ትረዝም እንደሆነ እንጃ!»

«በጎን ነው የምትረዝም» አሉ እማሆይ። «ክሬስ የታለች?»

በዚያው ቅጽበት ደጅ የታሰረችው በቅሎ ዝንብ ነክሷት ራሷን ነቀነቀች፤ ቃጭሉ ጮኸ። እማሆይ ሰማያዊውን ጨርቅ በበሩ በኩል አዩት። ወጥተው ክራቸውን ከበቅሎዋ አንገት ፈትተው ተመለሱ፤ በአመልማል ላይ ዘረጉት። ከአናቷ ተነሥቶ ተረከዟ ላይ አረፈ። በክሩና በብራናው ጫፍ መካከል ሁለት ጋት ክፍተት ነበር።

ላቀው ነገሩ አሁን ገባው። ከአቅማዳው ቁራጭ ብራና፣ የስፌት ጅማት፣ መቃ ብዕርና የቀለም ቀንዱን አወጣ። ከዚያ ግን ቁጭ አለ።

«መቀጠል ይቻላል» አለ። «ነገር ግን መጠኑ የወጣው ከሰው አፍ ነው። ያወጣው አፍ ካላረመው፣ ውሸት ላይ ውሸት መስፋት ይሆንብኛል። ባላምባራስ፣ የወይዘሮን ቁመት እንደገና ይንገሩኝ።»

ጓንጉል ወደ በሩ አየ። በሩን የሞላው ጎረቤት ሁሉ ወደ እሱ ያያል።

«ምናልባት… በአንድ ጣት ትበልጠኝ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

«ጣት ሁለት መስመር ነው» አለ ላቀው ብዕሩን እየቀረጸ።

አመልማል አቃሰተች።

«በሁለት ጣት!»

«አራት መስመር።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የተባለው አንተን አይቶ ነው እንዴ?» አሉ እማሆይ። «ስትወለድ እኮ እኔ ነኝ የተቀበልኩህ! ያኔም ቁመትህን አውቀዋለሁ!»

አመልማል የመደቡን ጫፍ ይዛ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ባላምባራስ» አለች፣ «እኔ ለእርስዎ ስል ስጎነብስ ኖሬያለሁ። ከፍቶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ምጥ ይዞኛል፤ መጎንበስ አልችልም።»

ጓንጉል ቆሞ አያት። ስትደብቅለት የኖረችው ቁመቷን ብቻ አልነበረም፤ ማጀት ውስጥ ያለቀሰውን ልቅሶም እሷ እንደሰማችው ያን ጊዜ ነው የገባው። እጁን ወደ ራሱ አነሣ፤ ያን የተቆለለ ጥምጥም ፈትቶ ወለሉ ላይ ጣለው። ባዶ አናቱን ጎረቤት ሁሉ አየው። ወደ በሩ ዞሮ፣ ዳኝነት እንደሚሰጥ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሚስቴ ትበልጠኛለች! በጋት ትበልጠኛለች!» አለ።

ላቀው ለአፍታ አሰላ። «ጋት ስምንት መስመር ነው። የጎደለው ግን ዐሥራ ስድስት ነው። ሌላው ስምንት መስመር የት ሄደ?»

«እሱ…» አለ ጓንጉል፣ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «እሱ ታንሰኛለች ብዬ የቀነስኳት ጋት ነው።»

ጎረቤቱ ይደነግጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። ማንም አልደነገጠም። አንዱ ሽማግሌ አዛጋ። በግራር አፋፍ ይህን የማያውቅ ቢኖር ጓንጉል ብቻ ነበር፤ በቅሎዋ እንኳ ማስረጃውን አንገቷ ላይ አስራ ነው የከረመችው።

ላቀው ቁራጩን በጅማት ሰፍቶ መጻፍ ሲጀምር ሌላ ነገር ገጠመው። ጸሎቱ አሜን ብሎ አልቋል። ባዶ ብራና ደግሞ አይሰቀልም። ጥቂት አሰበና የጓንጉልን የክርስትና ስም ጠይቆ ምሕረት እየለመነለት ይጽፍ ጀመር።

«የእኔን ስም? በእግሯ ሥር?» አለ ጓንጉል።

«ሌላ ቦታ የለኝም፤ በራሷ በኩል መልአኩ ይዞታል» አለ ላቀው ቀና ሳይል።

ጓንጉል ሊናገር አፉን ከፈተ። አመልማል ጮኸች። አፉን ዘጋና፣ «ጻፍ! ቶሎ ጻፍ! አውፍረህ ጻፈው!» አለ። ከዚያ እማሆይ ወንዶቹን ሁሉ ገፍትረው አስወጧቸው።

ደጅ ላይ ጓንጉል ድንጋይ ሳይፈልግ መሬት ላይ ተቀመጠ። ላቀው ከአጠገቡ ተቀምጦ የመጨረሻውን መስመር ጻፈ፤ ክታቡ በበሩ በኩል ገባ። ቀለሙ ሳይደርቅ የጨቅላ ለቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎ እልልታው። ጓንጉል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየው፤ አሁን ግን ማጀት አልፈለገም።

ያን ዕለት ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር እንጂ፣ ያቺ ልጅ እንደ ፊተኞቹ አልሆነችም። ኖራለች፣ አግብታለች፣ ወልዳለች፤ የእኛ የማተሚያ ቤቱ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ቅድመ አያት እሷ ናት። የክታቡ ሥራ ነው የሚሉ ነበሩ። ላቀው ራሱ ግን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ስለተወለደች፣ በዚህ ነገር አይምልም ነበር።

እማሆይ ልጅቱን በነጠላ ጠቅልለው ወደ በሩ ብቅ አሉ። ጓንጉል ዕንባውን ጠርጎ ተነሣ። በበሩ በኩል እጁን ሰድዶ ጥምጥሙን ከወለል አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ እንደ ወትሮው ቆልሎ ጠመጠመው። ልጅቱን አየ። ትንሽ ቆየና ደረቱ መነፋት ጀመረ።

«ተመልከቷት! ቁመቷ በእኔ ነው የወጣው! አድጋ እንደ አባቷ አራት ክንድ ሙሉ ሴት ትሆናለች!»

ጎረቤቱ ፊቱን አዞረ። አንዳንዱ ነጠላውን አፉ ውስጥ ወተፈ።

«ለምን እስክታድግ ትጠብቃለህ? ዛሬውኑ ናት» አሉ እማሆይ።

ነጠላውን ገለጥ አድርገው የጨቅላዋን ክንድ በጣታቸው ለኩ፤ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ፣ ከጥጃ ጆሮ የማትበልጥ ነገር። ያንኑ ልክ ከተረከዟ ጀምረው ወደ ላይ፣ በጉልበቷ፣ በሆዷ፣ በደረቷ በኩል እየቆጠሩ ወሰዱት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ለስላሳ አናቷ ላይ አረፈ። ላቀው ከልማዱ የተነሣ «አንድ መቶ ዘጠና ሁለት…» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው፤ የገዛ ረጅም ክንዱን ዘርግቶ እንደ አዲስ ነገር ያየው ጀመር።

እማሆይ ልጅቱን መልሰው ጠቀለሉ፤ በጓንጉል እቅፍ ውስጥ ቀስ አድርገው አኖሯትና እንዲህ አሉት፦ «እንካ ያዛት ልጄ፤ በገዛ ክንዱ ሲለካ፣ ጨቅላም አራት ክንድ ነው።»